ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሺህ ገጽ

አራዳ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሰገን ጌቱ
ኦሉ፣ ፊንላንድ

የእግዚአብሔር ሰላም ያንን ሁሉ በረዶ አልፎ ያግኝሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱ ግን ከእኔ ቀጥሎ ጡረታ ወጥቷል። ስልክ ሲደወልልኝ የምሰማው የንብ ቀፎ ነው። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እንጻጻፍ። እኔ በእጄ እጽፋለሁ፤ የማኅበራችን ጸሐፊ ሐሴት ፎቶ አንስታ በኢሜይል ትልክልሻለች። ደግሞም ሠላሳ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ቀንና ፊርማ የሌለበትን ወሬ አያምንም።

እናትሽ ልቧ ደክሟል። አፍንጮ በር ካለው ቤቷ ወጥታ እስከ ታክሲ መያዣው መሄድ ካቃታት ወር አልፏል። ሐኪሙ እሷን «በርቺ እናቴ» ብሎ ሸኛትና ለእኔ በወረቀት ጻፈልኝ፤ ደንቆሮ መሆን አንዳንዴ እንዲህ ይጠቅማል። ፋሲካን ማየቷን እንጃ ነው የሚለው። እሷም ሳታውቀው አትቀርም፤ ስለ መድኃኒቱም ስለ ምኑም መጠየቅ ትታለች። የምትጠይቀኝ ጌቱ የት እንደተቀበረ ብቻ ነው።

አባትሽ ጌቱ ላምቤቦ ሚያዝያ 1970 ከቤት ጸሎት ላይ ከአምስት የመዘምራን ጓደኞቹ ጋር ከተወሰደ አርባ ስድስት ዓመት ተኩል ሆነው። አንቺ ያኔ በሆድ ነበርሽ። የአምስቱ ወሬ ውሎ አድሮ ተገኘ፤ የእሱ አልተገኘም። መርዶ ላልመጣለት ሰው ለቅሶ አይቀመጡለትምና እናትሽ እስከ ዛሬ ጥቁር አልለበሰችም። የዛሬ ስድስት ዓመት መጥተሽ፣ «ይበቃል፣ እናልቅስና ይውጣልን» ብለሽ፣ ሳትጠይቂያት ግቢዋ ውስጥ ድንኳን ያስተከልሽ ዕለት ምን እንዳለችሽ ሁለታችንም እናውቃለን። የአባትሽን የቀብር ወረቀት እስክታመጪ ድምፅሽን አታሰሚኝ አለች። ቃሏን እንደያዘች ናት።

ከጡረታ ወዲህ አራት ሽማግሌዎች ሆነን የቀብር መዝገብ እንደምንሰበስብ ታውቂያለሽ። ከየእድሩ፣ ከየመካነ መቃብሩ ያልለመንነው የለም። ፒያሳ የነበረው ክፍላችን ሲፈርስ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወዳለ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ገብተናል። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ እናነሣለን፤ ሐሴት የተጻፈበትን ትተይባለች። ባለፈው ወር አንድ የሬሳ ሳጥን አናጢ ሞተና ልጆቹ ከ1969 እስከ 72 ለማን ሳጥን እንደሠራ የመዘገበባቸውን ደብተሮች አመጡልን። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሺህ ገጽ ደርሰናል። ጌቱ አንዱ ላይ መኖር አለበት።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። አንድ ስም ጽፌ ፈልግ ስለው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ሲያጉረመርም ይውላል። መብራት ከጠፋ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በዚህ ወር አሥራ አንድ ጊዜ ጀምሮ የጨረሰው ሦስቴ ነው። ሙሉ ስሙን ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ነገር ግን ሳጥን ሠሪ ሙሉ ስም መች ይጽፋል? ማተሚያ ቤት ይሠራ ስለነበር «የማተሚያ ቤቱ ልጅ» ሊል ይችላል፣ «ከምባታው» ሊል ይችላል፣ ጓደኞቹ በሚጠሩበት በ«ቀጮ» ጽፎት ሊሆን ይችላል። መሞከር ያለባቸው መቶ ያህል አጠራሮች በወረቀት አስፍሬያለሁ። መቶ ጊዜ አራት ሰዓት ስንት እንደሆነ አስቢው፤ የእናትሽ ልብ ያን ያህል የሚቆይ አይመስለኝም።

ገንዘብ አልጠይቅሽም። እንጀራሽ የማሽን ነገር ስለሆነ ምን ቢደረግ እንደሚፈጥን ብቻ ንገሪኝ። አምላክ እጅሽን ያበርታው።

አጎትሽ ደምመላሽ ወርቅነህ


ኦሉ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አጎቴ፣ ጋሼ ደምመላሽ

ጌታ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ የቀሩን ዘመድ እርስዎ ብቻ ነዎትና ጤናዎን ይጠብቅ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ልመልስ ስቀመጥ ስለ እናቴ ከየት እንደምጀምር እየጠፋኝ ነው የዘገየሁት። በማሽኑ ልጀምር፤ እሱ ይቀለኛል።

ሐሴት የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍታ ፎቶ ልካልኛለች። ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም፤ እሱ አብዛኛውን ሰዓት እጁን አጣጥፎ ነው የሚጠብቀው። የሚጠብቀው ሃርድ ዲስኩን ነው። ዲስኩ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚንቀሳቀስ መርፌ አለ። ገጾቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለተቀመጡ፣ አንድ ስም በፈለጉ ቁጥር መርፌው ለሁለት መቶ አሥራ አንድ ሺሁም ገጽ ለእያንዳንዱ ስድስት ሰባት ጊዜ ከቦታ ቦታ ይዘላል። አንዱ ዝላይ የሴኮንድ መቶኛ ቢፈጅ ነው፤ ሲደመር ግን ጠዋትዎን ይበላዋል። በዚያ ላይ ራሙ አንድ ጊጋ ብቻ ነው። ራም ማለት ጋሼ የመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ስለጠበበ አዲስ ማኅደር ሲመጣ የቀድሞው ወደ መደርደሪያ ይመለሳል፤ መላሹም ያው ቀድሞውኑ የደከመው መርፌ ነው።

እኔ በምሠራበት የመረጃ ማከማቻ እንዲህ ያለ ፍለጋ ዓይን እስኪርገበገብ ያልቃል። ሰዉ የሚፈልገው ግን የጫማ ዋጋና ድመት ስትጫወት ነው። አንዳንድ ቀን በማሽኖቹ መካከል ስሄድ እናደዳለሁ። ይህን ሁሉ ፍጥነት ለማን ነው የምጠብቀው እላለሁ።

ከጠረጴዛው እንጀምር። ሐዊ የምትባል ነርስ ጓደኛዬ ለእረፍት ወደ አዲስ አበባ ስለምትመጣ ራም ይዛልዎት ትመጣለች። ለእናቴ ሰላምታዬን አያድርሱልኝ፤ እንዳትቆጣ። እንደምፈልግላት ብቻ ትወቅ።

የእርስዎው ሰገን


አራዳ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሰገን

ቸርነቱ የበዛ አምላክ በእጁ ይያዝሽ። እኔ እንደ ጥቅምቱ ነኝ፤ እናትሽ ግን እንደ ጥቅምቱ አይደለችም። አሁን የምትተኛው ተደግፋ ተቀምጣ ነው።

ሐዊ ዕቃውን በደህና አድርሳለች፤ ትባረክ። ታዲያ ልገጥመው ብል አሻፈረኝ አለ። ማረፊያው ላይ ያለው ጉብታና የእሱ ስንጥቅ አይገናኙም። ሐሴትን አስከትዬ ፒያሳ ኮምፒውተር ወደሚጠግን ረሻድ ወደሚባል ሰው ሄድኩ። ረሻድ አገላብጦ አየና በወረቀት ላይ፣ «አባባ፣ ይሄ የላኩልዎ ለልጅ ልጁ ነው የሚሆነው» ብሎ ጻፈልኝ። ለካስ ማሽናችን ሲሠራ ይህ ራም አልተወለደም። አዲሱን ወስዶ በምትኩ ከተፈታቱ ኮምፒውተሮች አራት ጊጋ ለቃቅሞ ገጠመልን። እንዳትናደጂ፤ አንቺ እዚያ የሚጣለውን የላክሽ መስሎሽ ነው፣ እኛ ዘንድ ግን የሚጣለውም ገና አልደረሰም።

ፍለጋው ከአራት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ወርዷል። መብራት ከራራልን በቀን ሁለት አጠራር እንጨርሳለን። ከመቶው ሠላሳ አራቱን ሞክሬያለሁ። የለም።

ጠዋት ጠዋት ወደ ምድር ቤቱ ከመውረዴ በፊት እናትሽ ጋ አፍንጮ በር እደርሳለሁ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትዝ ያላትን ሁሉ ትጽፍልኛለች። አንድ ቀን፣ ያን ዕለት የለበሰው አረንጓዴ ሹራብ ነበር፣ እጅጌውን እኔ ነኝ የጠገንኩት፣ በእሱ ፈልገው አለችኝ። «አረንጓዴ ሹራብ» ብዬ ጻፍኩና ስጠብቅ ዋልኩ። ልጄ፣ ዘጠኝ ሰው ወጣ። ከሆስፒታል ሬሳ ክፍል መዝገብ፣ ስም የሌላቸው፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ ዘጠኝ ወጣቶች። ቀኑ ከእሱ ጋር የሚገጥም አንድም የለም። ማግሥቱን ስትጠይቀኝ የለም አልኳት፤ ዘጠኝ መሆናቸውን አልነገርኳትም። እነዚያን የሚፈልጋቸው ማነው?

ስምሽን አላነሣችም። እኔም አላነሣሁባትም። ከሚያስደስትሽ ውሸት እውነቱ ይሻልሻል ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ማሽኑን የሚያፈጥን ሌላ ነገር ካለ ግን ቶሎ በይ፤ ጊዜ የለንም።

አጎትሽ ደምመላሽ


ኦሉ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ደምመላሽ

የጌታ ጸጋ ይብዛልዎ። ስለ ራሙ አፍሬያለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ማሽን ስጠግን ኖሬ ዓመተ ምሕረቱን ሳልጠይቅ መላኬ ሞኝነት ነው። እዚህ ሰው ሁሉ አዲስ ነገር ብቻ ስላለው ዓለም በሙሉ እንዲያ ይመስለኛል።

አሁን የምልከው ኤስኤስዲ የሚባለው ነው። የሚሽከረከር ሳህን የለው፣ መርፌ የለው፤ የጠየቁትን ካለበት ቦታ ወዲያው ያነሣል። በእርስዎ ማሽን ላይ እንደሚገጥም ረሻድን በሐሴት በኩል ሦስቴ አስጠይቄያለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩሉ ወደ አንድ ደቂቃ እንደሚወርድ ተስፋ አለኝ። የቀሩትን ስድሳ ስድስት አጠራሮች በአንድ ጠዋት ይጨርሷቸዋል። የሚያመጣልዎ ክፍሎም የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነው። ትኬቱ ለጥር መጨረሻ ነበር፤ አሁን መሥሪያ ቤቱ ወደ የካቲት መጨረሻ ገፋበት። ሌላ መንገደኛ ፈልጌ አጣሁ። በፖስታ ልልከው አስቤ ጉምሩክ ላይ ይከርማል ብዬ ተውኩት። እባክዎ እናቴን ያቆዩልኝ።

ገጾቹን ሁሉ ወደ አዲሱ ካዛወሩ በኋላ አሮጌውን ዲስክ ከእነ ሙሉ ቅጂው ለክፍሎም ይስጡት። ሐሴት እንደነገረችኝ ምድር ቤታችሁ ኔትወርክ አይገባውም፣ ፕሮግራሙን የሠራውም ሰው ጽሑፉን ከፎቶው ጋር ስላሠረው በኢንተርኔት ለመላክ በጣም ይከብዳል። ቅጂው ከደረሰኝ እኔም ከዚህ እፈልጋለሁ፤ ሁለት ሰው ይሻላል።

ጋሼ፣ ያንን ድንኳን በክፋት አይደለም የተከልኩት። አርባ ዓመት አልፎኝ አባት የሌለኝ፣ መቃብርም የሌለኝ ሰው ነበርኩ። ሰዎች አባትሽ የት ነው ሲሉኝ «ሞቷል» ማለት እናቴን መክዳት፣ «አለ» ማለት ደግሞ እብደት ሆነብኝ። አንድ ጊዜ አልቅሼ ልገላገል ብዬ ነው። እሷ ግን ገደልሽው አለችኝ። ወረቀቱን አግኝቼ በእጇ ሳላስጨብጣት ብትሄድ፣ እኔ ለራሴ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ሰገን


አራዳ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰገን

የሚያጽናና አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን። ብዙ ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ማኅበሩም ስብሰባ በዝቶበት ነበር፣ እንዲህ እንዲያ እያልን ሁለት ወር አለፈ።

ኤስኤስዲው ደርሷል። ረሻድ በአንድ ከሰዓት ገጠመልን። ከሥላሴ በኩል የሚመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ወንድማቸውን የሚፈልጉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበራችን ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ። የወንድማቸውን ስም በአምስት ዓይነት አጠራር ጻፍኩ። እያንዳንዱ አርባ ሴኮንድ ፈጀ፤ በአምስተኛው ተገኘ። ሰውየው ወረቀቱን ይዘው፣ «እንዲህ ቅርብ ነበር?» አሉኝ። ሁለት ዓመት ያስጠበቃቸው የዕቃው ድካም መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልገባቸውም። ለእኔም አልገባኝም። ተነሥተው ሲሄዱ ባርኔጣቸውን ረስተው ሄዱ።

የአባትሽ ነገር እስካሁን የለም። አንቺም አትቸኩዪ፤ ከእንግዲህ ቀስ ቢባል ምንም አይጎድልም። ሥራሽን ሥሪ፣ ምግብሽን ብዪ።

እናትሽ ሰላም ትልሻለች። ባለፈው ስምሽን አንሥታ፣ ይቅር ብያታለሁ፣ ልጄ ትባረክ ብላለች። ይህን እንድጽፍልሽ ነው የዘገየውን ብዕሬን ያነሣሁት።

አጎትሽ ደምመላሽ


ኦሉ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ

ጌታ እጥፍ አድርጎ ይባርክዎ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ቦታ፣ በማሽኖቹ መካከል ቆሜ ነው። መቀመጫ ስለሌለ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ፊንላንዳዊ ባልደረባዬ መጥቶ ታመምሽ ወይ አለኝ። እናቴ ታረቀችኝ አልኩት። ስንት ጊዜያችሁ ነው አለኝ፤ ስድስት ዓመት ስለው ውኃ ሊያመጣልኝ ሄደ።

ስምሽን አላነሣችም ብለው በታኅሣሥ የጻፉልኝ እርስዎ ስለሆኑ ነው ይህን ሙሉ በሙሉ ያመንኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ሊያስደስተኝ ነው እል ነበር። ሐኪሙም ይኸው ተሳሳተ፤ ፋሲካ አንድ ሳምንት ቀረው እኮ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ቃሏን ለራሴ እደግመዋለሁ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ምርቃት እንዲህ የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር፤ ለካስ የምኖረው በእሱ ነው።

ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ ሐሴት አፍንጮ በር ሄዳ የእናቴን ድምፅ በስልኳ ትቅረጽልኝ፤ አንድ ዓረፍተ ነገርም ይበቃኛል። ሁለተኛ፣ በሰኔ ፈቃድ ልወስድ አስቤአለሁ። ወረቀቱን ባላገኝም ልምጣ? ካሁን ወዲያ ደጃፏ ላይ የምታስቀረኝ አይመስለኝም።

ሰገን


አራዳ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ

ሰላምና ጤና ይስጥሽ። አሁንም ዘገየሁ፤ እጄም እንደ ጆሮዬ መለገም ጀምሯል።

የድምፁ ነገር ይቅር። በመድከም ላይ ያለ ሰው ሲቀረጽ ደስ አይለውም። በሰኔም አትምጪ፤ ክረምቱ ይገባል፣ ሰፈሩም መንገዱም ተቆፋፍሯል፣ አንቺን የሚያሳርፍ ነገር የለም። ጊዜው ሲሆን እኔው ነይ እልሻለሁ።

ክፍሎም እዚህ ከርሞ ሊመለስ ስለሆነ አሮጌውን ዲስክ ሰጥቼዋለሁ። ለምነሽኝ ስለነበር ነው እንጂ መፈለጉን ለእኛ ብትተዪልን ይሻል ነበር። ዕረፍት ስታገኚ ትከፍቺዋለሽ፤ አሁን ይቀመጥ።

ሌላው፣ ሄልሲንኪ ያሉት ፓስተር ቃለጽድቅ ከሦስት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ወደ እናንተ ከተማ ብቅ ይላሉ። ሰኔ 8 እሑድ ጠዋት ቤትሽ ጎራ ቢሉ ደስ ይለኛል ብያቸዋለሁ። እዚያ አገር አንድም የኛ ሰው አጠገብሽ አለመኖሩ ያሳስበኛል። በዚያ ቀን ሥራ አትግቢ፣ ቤት ዋዪ።

አጎትሽ ደምመላሽ


ኦሉ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ደምመላሽ ወርቅነህ

ጤና ይስጥልኝ።

ክፍሎም ዲስኩን የሰጠኝ ዓርብ ሰኔ 6 ነው። ይቀመጥ ብለውኝ ነበር፤ አላስቀመጥኩትም። ከሥራ እንደወጣሁ የገጾቹን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ራሴ ማሽን አዛወርኩና ማውጫ ሠራሁለት፤ ማውጫው ሙሉ በሙሉ ራሙ ላይ እንዲቀመጥ አደረግኩ። እንዲህ ሲሆን ዲስክ የሚባል ነገር መንካት የለም። «ጌቱ ላምቤቦ» ብዬ ጻፍኩ። ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሣ መልሱ መጣ። አንድ ገጽ ይላል። አባቴን አገኘሁት ብዬ ጮኽኩ።

የገጹ ፎቶ ይህን ይላል፦ «አሰፋች ወርቅነህ። ዕድሜ 71። ሰኞ የካቲት 17 ቀን 2017። ባለቤት፦ ጌቱ ላምቤቦ፣ እንደወጣ የቀረ። ልጅ፦ አንዲት፣ ውጭ አገር። ቀብር አስፈጻሚ፦ ወንድም።» የእድሩ ማኅተም አለበት። ከሥሩ ያለው፣ ገጹ የተተየበበት ቀን ዓርብ የካቲት 21 ነው።

አላለቀስኩም ነበር። መጀመሪያ ያደረግኩት የእርስዎን ደብዳቤዎች አውጥቼ ቀኖቹን መደርደር ነው። ምርቃቱን የጻፉልኝ መጋቢት 28 ነው። ከየካቲት 17 እስከዚያ አርባ አንድ ቀን አለ።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፓስተር ቃለጽድቅና ሦስቱ ሰዎች በሬን አንኳኩ። ሌሊቱን ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው፣ እንደ አገራችን ወግ በማለዳ ሊያረዱኝ ነው የመጡት። ጥቁር የለበሰች አንዲት እናት አብራቸው ነበረች፤ ስታየኝ ገና ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሜ አውቄዋለሁ ልላቸው አልቻልኩም። ተቀመጡ አልኳቸው። ፓስተሩ፣ «እህታችን፣ እናትሽ ወደ ጌታ ሄደዋል» አሉኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። እነሱ ገና አሁን ሰማች ብለው አጥብቀው ያዙኝ።

እርስዎ አራት ወር ሙሉ ሊያረዳኝ የሚገባ ሰው ሲፈልጉ እንደነበር ፓስተሩ ነግረውኛል። በስልክ አትስማ፣ በወረቀት አትስማ፣ ብቻዋን ሆና አትስማ ብለው እንደለመኑአቸው፣ አዲስ አበባ ያለውንም ሁሉ አፉን እንዳስያዙ ሰምቻለሁ። ይህን እረዳለሁ። በዚህ አልቀየምዎትም።

ግን አንድ ነገር ይጻፉልኝ። እናቴ ስሜን ያነሣችው መቼ ነው? ከመሞቷ በፊት ከሆነ ቀኑን ይንገሩኝ። ማጽናኛ አልፈልግም፤ የመዝገብ ቤት ሰው እንደሚመልሰው ይመልሱልኝ።

ሰገን ጌቱ


አራዳ፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰገን

እግዚአብሔር ያጽናሽ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። እናትሽ ስምሽን አላነሣችም። ይቅር ብያታለሁ አላለችም። የመጋቢቱን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት መዝገብ ላይ አንድ የሐሰት መስመር አላስገባሁም፤ ለአንቺ ጻፍኩ። ሞቷን ልሸሽግ ብዬ ስቀመጥ ስለ እሷ ምንም ሳልል ብቀር ትጠረጥሪያለሽ ብዬ ሰላምታ ጨመርኩ። ሰላምታውን ስጽፍ እጄ አልቆም አለ። አንቺ የምትፈልጊውን አውቅ ነበርና ያንኑ ሰጠሁሽ። ስትደሰቺ ደግሞ መመለሻ አጣሁ።

የሞተችው የካቲት 16 እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በማግሥቱ ቀበርናት። ኤስኤስዲው የደረሰኝ የካቲት 25 ነው። ከተቀበረች ስምንት ቀን ካለፈ በኋላ ማለት ነው። እንዲገጠም ያደረግኩት ሌሎች ሰዎች ስለሚጠብቁ እንጂ እኔስ ልጥለው ዳድቶኝ ነበር። ከሞተች ወዲያ የጌቱን ስም ማሽኑ ላይ ፈልጌ አላውቅም። የምመልስላት ሰው አልነበረኝም። አንድ ጊዜ ፈልጌው ቢሆን ኖሮ የእሷ ገጽ እንደሚወጣ አይና ዲስኩን አልክልሽም ነበር። ገጿን ለሐሴት አልሰጠሁም፤ ራሴ ነኝ የተየብኩት። የሳምንቱ ገጽ ዓርብ ዓርብ ይገባል፣ ምንም አይቀርም የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔው ስለሆንኩ፣ የእህቴን ገጽ ለይቼ ማስቀረት አሳፈረኝ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግሥት ወርጄ ከመቶው የቀሩትን አርባ አንድ አጠራሮች ሁሉ ሞከርኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ረፋድ ላይ ጨርሼ ሻይ ጠጣሁ። ጌቱ የለም። በቀጮም የለም፣ በማተሚያ ቤቱም የለም፣ በአባቱም ስም የለም። ከእናትሽ ገጽ በቀር ከእነዚህ ገጾች በአንዱም ላይ አልተጻፈም። ማሽኑ ስለዘገየ ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ራሴንም እናትሽንም ስሸነግል ኖሬያለሁ። ዘገየ እንጂ አልደበቀም ነበር።

አሁን የሚጠበቅ ወረቀት የለም። ለእናትሽ ለቅሶ ስትቀመጪ የአባትሽንም አብረሽ አልቅሺ። እሷ ያልፈቀደችልሽን እኔ ፈቅጄልሻለሁ፤ ከቤተሰቡ የሚፈቅድ ሌላ ሰው አልቀረም። ፓስተር ቃለጽድቅ ስሙን ጠርተው ይጸልዩለት፤ ጌቱ ላምቤቦ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት በላቸው።

እኔን ለመቀየም መብት አለሽ። መልስ ባትጽፊልኝም ዓርብ ዓርብ ሐሴትን ኢሜይሉን እንድታይልኝ እጠይቃታለሁ።

አጎትሽ ደምመላሽ ወርቅነህ